ከኩሽናው መስኮት ፊት የሚተከለው

ጃካራንዳው ወደ ቤታችን የመጣው በአውቶቡስ ነው። አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። የዕለቱን ሥራ ጨርሶ መኪናውን ሊያስገባ ሲሄድ ችግኙን ከጀርባው ባለው ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ እንዳይወድቅ በገዛ ቀበቶው ከወንበሩ ጋር አስሮት ነበር። በራችን ላይ ደርሶ ጥሩንባውን ሲነፋ ሮጬ ወጣሁ። በአንድ እጁ ዛፉን አቅፎ፣ በሌላው ሱሪውን ይዞ ወረደ።

«ተሳፋሪ አመጣሁልሽ» አለኝ። «ትኬት አልቆረጠም። ግን ጨዋ ነው፤ መንገዱን ሁሉ ዝም ብሎ ነው የመጣው።»

ቤቱ አዲስ ነበር። ግቢው ግን ግንበኞቹ ጥለውት እንደሄዱ ነው፤ የጡብ ስባሪ፣ የደረቀ ሲሚንቶ፣ ዝናብ የበላው የአሸዋ ክምር። አባቴ በዚያ ሁሉ ላይ እየተራመደ ሄዶ ችግኙን ግቢው መሃል፣ ከኩሽናው መስኮት ፊት ለፊት አቆመው።

«እዚህ!» አለ። «ሲያብብ እናትሽ ሰሃን ስታጥብ ሐምራዊ ሰማይ ታያለች።»

እናቴ እጇን በሽርጧ እያደረቀች ወጣች። እንደ ሰሞኑ ሁሉ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳለች። መጀመሪያ ዛፉን አየች፤ ቀጥላ ዞር ብላ መስኮቱን፤ ከዚያ ደግሞ ከዛፉ ወዲያ ያለውን።

«እዚያ አይሆንም» አለች።

«ምኑ?»

«እዚያ አይተከልም። ይረዝማል።»

«ዛፍ አይደል እንዴ? እንደ ሰላጣ እንዲያጥርልሽ ነው?»

«ይርዘም። እዚያ ግን አይርዘም።»

ከዛፉ ወዲያ ዝቅ ያለ የሽቦ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ የልብስ ሰፊዋ ቤት ነበር። መስኮታቸው ከመስኮታችን ጋር ይተያያል። ልብስ ሰፊዋ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ። ሲሰፉ መርፌ በከንፈራቸው ይዘው ስለሚያወሩ፣ ንግግራቸውም ስለሚወጋ፣ የሰፈሩ ልጆች «አፈ መርፌ» እንላቸው ነበር። እኔ ግን ከዚህ የከፋ ነገር አውቅባቸው ነበር። ሌባ ነበሩ።

ማስረጃ አለኝ። እናቴ በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ ቢጫ ጨርቅ ገዝታ ነበር፤ የእንቁላል አስኳል የመሰለ፣ ዓይን የሚሞላ። ለእሷና ለእኔ አንድ ዓይነት ቀሚስ ሊሰፋበት ነው። ማንም ሳያየኝ ከቁም ሳጥኑ እያወጣሁ ጉንጬ ላይ አደርገው ነበር። አንድ ቀን ብፈልገው የለም። «ልብስ ሰፊዋ ጋ ነው» አለች እናቴ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ቀሚሱ ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል ስል፣ አንድ ማለዳ ጨርቁን ልብስ ሰፊዋ መስኮት ላይ አየሁት፤ መጋረጃ ሆኖ! አጎቴ «ልብስ ሰፊ ከገዛ እናቱ ቀሚስም ቢሆን ሳይቀንስ አያድርም» እያለ ሰው ሲያስቅ ሰምቻለሁ። እኚህ ሴትዮ ግን መቀነስ አይደለም፣ ጠቅልለው ወስደው በአደባባይ ሰቀሉት። እናቴ ጥቁር ብቻ የምትለብሰው ለምን እንደሆነም ያን ጊዜ ገባኝ። ጨርቋ ተሰርቆባት ምን ትልበስ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴትዮዋን በአፌ «እትዬ» እያልኩ፣ በልቤ አንቱታውን ገፈፍኳቸው።

እናቴም ነገሩን እንደደረሰችበት እርግጠኛ ነበርኩ። ማለዳ ሻይ ሳትጥድ በፊት የመስኮቱን መስተዋት በእጅጌዋ ጠርጋ ወደዚያ ታያለች። ቢጫው መጋረጃ ሲከፈት ትንፋሿን ለቀቅ አድርጋ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ካልተከፈተ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማ ትጠብቃለች። ብቻውን የሚኖር ሰው ማለዳ መጋረጃ ሲከፍት ምን እንደሚሰማው ያን ጊዜ የማውቅበት መንገድ አልነበረም። ዛሬ አውቃለሁ፤ ስለዚያ ግን እዚህ አላወራም።

ፖሊሱንም ያየሁት ያን ሰሞን ነው። ጥቁር ኮት የለበሰ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰውዬ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ከእናቴ ጋር ሲንሾካሾክ፣ እኔ ከአሸዋው ክምር ጀርባ ቤት እየሠራሁ ነበር።

«ዓይኔን ከእሳቸው ላይ አልነቅልም» አለች እናቴ።

«አንድ ቀን ካመለጠችዎት ግን እወስዳታለሁ» አለ ሰውዬው። «ያኔ ማንም አያስቀራትም።»

«አያመልጡኝም።»

«ቃል ይሁን?»

«ቃል ነው። እርስዎም ይህን ውል ለማንም አይናገሩ፤ ከሰሙብን ይቀየሙናል።»

ሲቪል የለበሰ ፖሊስ መሆኑ ምንም አላጠራጠረኝም። እናቴ ሌባ ልታስይዝ ነው! ቤት ውስጥ ሻይ የምታፈላ፣ ፀጉሬን የምትጎነጉን ሴት እንዲህ ያለ ሥራ እንዳላት ሳውቅ ኩራቴ ልክ አጣ። በአሸዋው ቤቴ ውስጥ አንድ ትንሽ እስር ቤት ጨመርኩ።

አባቴ ሥራ በማይገባበት ቀን የጃካራንዳው ቦታ ምርጫ ተጀመረ። እናቴ ፎቶ ቤት ነበር የምትሠራው። ሰው ወንበር ላይ አስቀምጣ «አገጭ ዝቅ፣ ትከሻ ቀና» የምትለው እሷ ናት። ዓለምን በአራት ማዕዘን ነበር የምታየው፤ ምን ከምን ፊት እንደሚቆም፣ ምን ምንን እንደሚጋርድ። ስለዚህ ችግኝ ጉድጓድ ከመግባቱ በፊት አድጎ መታየት ነበረበት። አባቴ ረጅም አጣና ላይ የተዘረጋ ጃንጥላ አሰረ። አጣናው ግንዱ ነው፣ ጃንጥላው ቅርንጫፉ። እሷ ኩሽና ውስጥ፣ ሰሃን ማጠቢያው ጋ ቆመች። እሱ አጣናውን ሽቅብ ይዞ በግቢው ውስጥ መዞር ጀመረ።

«ትንሽ ወደ ግራ!» ትላለች ከውስጥ። «አሁን ቀጥ በል። አትተንፍስ!»

«ዛፍ ደግሞ መቼ ተንፍሶ ያውቃል?»

«በቅጠሉ! ወደ ኋላ… ወደ ኋላ… ጠፉ!»

ጃንጥላው በእሷና በቢጫው መስኮት መካከል በገባ ቁጥር «ጠፉ!» ብላ ትጮሃለች። አባቴም አንዳች ነገር ሳይጠይቅ አጣናውን ተሸክሞ ፈቀቅ ይላል። በመንገድ የሚያልፍ ጎረቤት ቆም አለ።

«ሾፌሩ፣ ዝናብ መጣ እንዴ?»

«የለም፣ እኔ ጃካራንዳ ነኝ።»

«ታዲያ አበባህ የታለ?»

«ገና ነኝ ወንድሜ፤ ውሃ እንኳ አልጠጣሁም።»

ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርድ ነበር። አንድም ጊዜ ግን «በቃኝ» አላለም። በመጨረሻ ዛፉ የተፈቀደለት ቦታ ልብስ ከሚሰጣበት ገመድ ጀርባ፣ የግቢው ጥግ ሆነ። አባቴ እዚያው ቆፍሮ ተከለው፤ ሥሩ ላይ ያለውን አፈር በጫማው ጠቅጥቆ፣ «አይዞህ» አለው፣ «እኔም እዚህ ቤት የቆምኩት ቁም የተባልኩበት ነው።»

ለግቢው መሃል ደግሞ ቁጥቋጦ ሊመረጥ እናቴና እኔ ችግኝ መሸጫው ሄድን። ችግኝ ሻጩ ሆደ ሰፊ፣ ሳቂታ ሰው ነበር፤ ተክሎቹን ልጁን እንደሚድር አባት እያሞገሰ ነው የሚያሳየው።

«ይቺ ቡገንቪሊያ ናት። ዓመቱን ሙሉ ታብባለች፣ አጥር ታለብሳለች፣ ቤት ታስጌጣለች።»

«ስታረጅ ምን ያህል ትሆናለች?» አለች እናቴ።

«ካልተቆረጠች ጣራ ትወጣለች።»

«እንግዲያው ትቅር። ይኸኛውስ?»

«ሂቢስከስ። በመቀስ ከያዙት ያሉት ቦታ ይቆማል። ግን እመቤቴ» አለና እጁን ወገቡ ላይ አደረገ፣ «ሰው አበባ ሲገዛ ቀለሙን ነው የሚጠይቀው። እርስዎ እርጅናውን ይጠይቁኛል!»

«ቀለሙማ ይታየኛል። የማይታየኝን ነው የምጠይቅዎት።»

ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን ቀልዱን ትቶ በቁም ነገር ያስረዳት ጀመር። እሷም ከጉልበት በላይ የማያልፈውን ላቬንደር ለፊት ለፊቱ፣ ዝቅ ያለ ነጭ ጽጌረዳ ከኋላው፣ ነጭና ሐምራዊ ሂቢስከስ ደግሞ በግራና በቀኝ እንደ መጋረጃ ክፍት አድርጋ መረጠች። አንዱ ሲያረግፍ ሌላው የሚያብብበትን ወቅት ጭምር ጠየቀች። እንዲያው ለእይታ ብቻ ብትመርጥ እንኳ ያን የመሰለ ግቢ በዚያ ሰፈር አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህም እኔ አላየሁም። ዛሬ ሰዎች ለአዲስ ቤታቸው ምን እንትከል ብለው ሲያማክሩኝ እሷ ያን ቀን ለራሷ መልሳ የመጣችውን ነው የምጠይቃቸው፤ ማታ ማታ የት ነው የምትቀመጡት? ከዚያ ምን ማየት ትፈልጋላችሁ? ያስደነግጣቸዋል።

ችግኝ ሻጩ ሊለየን ሲል ቢጫ አበባ የተንዠረገገበት ቁጥቋጦ አምጥቶ ፊቷ አቆመ። «ይቺን ደግሞ በምርቃት።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ቢጫ ግን አልፈልግም።»

«በነፃ እኮ ነው!»

«ቢጫ አይሁን። ግቢዬ ውስጥ ምንም ቢጫ ነገር እንዲኖር አልፈልግም።»

እጇን ጨበጥ አደረግኩ። ምስኪን እናቴ፣ ስለዚያ ጨርቅ ምን ያህል አንጀቷ ቢያርር ነው አልኩ በልቤ። ለካ ጭጋግ በሚወርድበት ማለዳ ከሩቅ ለይታ ልታየው የምትፈልገው አንድ ቢጫ ነገር ብቻ ነበር። ዓይኗን የሚያታልል ሌላ እንዳይኖር ነው።

ክረምት ገባ፣ ወጣ። ላቬንደሩ ጥቅጥቅ አለ፤ ንቦች መጡበት። ጽጌረዳው የመጀመሪያውን አበባ ሰጠ። ሂቢስከሱ ወገቤ ድረስ ደረሰ። እናቴ በሳምንት አንዴ መቀስ ይዛ ትወጣና የረዘመውን ጫፍ ጫፉን ታስተካክላለች። ደግሞ ትገባና በመስኮቱ ታያለች፤ ደግሞ ትወጣለች። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያደንቅ ነበር። እኔ ደግሞ ቢጫውን መስኮት በጨረፍታ እያየሁ፣ ሌባዋ የምትያዝበትን ቀን እጠብቃለሁ።

ቀኑ መጣ። እናቴ ሻይ ቀድታ ስኳር እያማሰለች ነበር። ማንኪያው ቆመ።

«አልተከፈተም» አለች።

ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀምጣ ወጣች፤ ዞራ በበሩ አይደለም፤ ቀጥታ በላቬንደሩ መሃል! ስንት ጊዜ «እንዳትረግጪው» ብላ የቆጣችኝን ጽጌረዳ ረገጠችው። ቀሚሷ የያዘውን የሂቢስከስ ቅርንጫፍ ከነአበባው ገነጠለች፤ አጥሩን እንደ ልጅ ዘለለችው። እኔ በደስታ እየጮህኩ ከኋላዋ ሮጥኩ። ተያዘች!

ልብስ ሰፊዋ በር ጋ ስንደርስ እናቴ ከደረቷ ውስጥ ቁልፍ አወጣች። የሌባ ቤት ቁልፍ ሳይቀር አላት! ገፍታ ገባች።

ልብስ ሰፊዋ በአልጋውና በስፌት መኪናው መካከል ወለሉ ላይ ወድቀው ነበር። አንድ እግራቸው ነጠላ ጫማ አለው፣ አንዱ የለውም። ክንዳቸው ከሥራቸው ታጥፏል። እናቴ ተንበርክካ ጭንቅላታቸውን በጭኗ አቀፈች።

«እትዬ! እትዬ፣ አለሁ። እኔ ነኝ።»

«ጉልበትሽን» አሉ በቀጭን ድምፅ። «መርፌ ፈሷል… ይወጋሻል።»

እናቴ ማልቀስና መሳቅ አንድ ላይ ይዟት ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የተያዘች ሌባ እንዲህ ስትታቀፍ አይቼ ስለማላውቅ ግራ ገባኝ።

«እማዬ፣ ጨርቃችንን አሁን እንውሰደው?» አልኩ።

«የምን ጨርቅ?»

«ቢጫውን። የሰረቁብንን።»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ከዚያ ወለሉ ላይ የተኙት አሮጊት ሳቃቸው መጣ፤ ሲስቁ ክንዳቸው ያማቸዋል፣ «ወይኔ» እያሉ ይስቃሉ።

«ሌባ አደረግሽኝ? አንቺ ቁንጫ! ይኼን ሰንደቅ የመሰለ ጨርቅ እናትሽ ናት ‹ይኼን ይስቀሉልኝ፣ ከሩቅ ይታየኛል› ብላ ያሸከመችኝ። እኔማ ለቤቴ ቢሰጡኝ አልመርጠው!»

ክንዳቸው ተሰብሮ ነበር። ከሐኪም ቤት በጀሶ ታሽጎ መጡ። በማግሥቱ ደግሞ ባለ ጥቁር ኮቱ መጣ። ፖሊስ አልነበረም፤ ሌላ ከተማ የሚኖር ልጃቸው ነበር። የእናቱን ልብስ በሻንጣ አሳስሮ እኛ ኩሽና ገባ። አባቴ በር ላይ ተደግፎ ጫማውን ያስር ነበር።

«ላመሰግንዎት ነው የመጣሁት» አለ እናቴን። «ግን ቃል ተገባብተናል። እወስዳታለሁ።»

«ቃሌን አላፈረስኩም።»

«ወድቃለች እኮ!»

«እንዳይወድቁ አደርጋለሁ አላልኩም። ወድቀው እንዳይቀሩ ነው ያልኩት። ባለፈው ሲወድቁ እስከ መቼ ነበር የተኙት?»

ባለፈው ጊዜ ወለሉ ላይ ውለው ያደሩት ሰው ሳያያቸው እንደነበር የሰማሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

«በዚህኛው ግን ስደርስላቸው ሻዬ ገና ትኩስ ነበር» አለች እናቴ። ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «እርስዎ ጋ ሲሄዱ ማን ያያቸዋል? እርስዎ ሥራ ነዎት፤ ባለቤትዎ ሥራ ናቸው። የማያውቁት ፎቅ ላይ በር ተዘግቶባቸው ሊውሉ ነው። ይምጡ፣ እዚህ ይቁሙ። እኔ የምቆምበት።»

ክንዱን ይዛ ሰሃን ማጠቢያው ጋ አቆመችው። እኔም በመካከላቸው አንገቴን አስግጌ አየሁ። ላቬንደሩ፣ ነጩ ጽጌረዳ፣ በግራና በቀኝ ሂቢስከሱ፤ በመካከላቸው በመቀስ የተቆረጠ የሚመስል ክፍት እይታ፤ እዚያ መጨረሻ ላይ፣ መስኮቱ ውስጥ፣ እናቱ። ለጉዞ ለብሰው፣ ሻርባቸውን አስረው፣ የታሸገ ክንዳቸውን በሌላው ይዘው ተቀምጠዋል። አያለቅሱም። ግድግዳውን ነበር የሚያዩት፤ ቤቱን ዓይናቸው ውስጥ ለመያዝ እንደሚሞክር ሰው።

ልጃቸው ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

«ይኼ ሁሉ የተተከለው…» አለ በመጨረሻ፤ ሳይጨርሰው ቀረ።

«ታዲያ እኔ ጃንጥላ ተሸክሜ ስንከራተት የዋልኩት ለምን መሰለዎት?» አለ አባቴ ከበሩ።

እናቴ ዘወር አለች። «ታውቅ ነበር እንዴ?»

«‹ጠፉ! ጠፉ!› እያልሽ ስትጮኺ ዋልሽ። መቼም ዛፍን አንቱ አትዪም።»

«እና ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ልትነግሪኝ ብትፈልጊ ትነግሪኝ ነበራ» አለና የጫማውን ማሰሪያ ጠበቅ አደረገ። አባቴን ዕድሜዬን ሙሉ ቀልደኛ ሰው ብቻ አድርጌ ነበር የያዝኩት። እንደ እሱ ያለ ሰው አግብቼ ከኖርኩ በኋላ ነው፣ ያ ዝምታ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበር የገባኝ።

ልጃቸው ወጣ። በመስኮቱ ሻንጣውን ከደጅ አንስቶ ወደ ውስጥ ሲመልሰው አየን። እናቴ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

እሱ ወደ ከተማው ከተመለሰ በኋላ፣ ልብስ ሰፊዋ እስከ አጥሩ መጥተው እናቴን ጠሯት። የረገጠችውን ቦታ በአገጫቸው አመለከቱ።

«እዚህ ላይ ምን ልትተክዪ ነው?»

«ያው ነጩን ነዋ፣ እትዬ።»

«ነጭ! ሐምራዊ! አንቺ ሁሉን ከአንቺ መስኮት ቆመሽ ነው የመረጥሽው። ቀኑን ሙሉ ከዚህ በኩል የማየው ግን እኔ ነኝ። ማን ጠየቀኝ?»

እናቴ ወደ ራሷ መስኮት ዞራ አየች። «እውነትዎን ነው። ምን ይሁንልዎ?»

«ቀይ ይሁን፤ ስሙን አንቺ ፈልጊለት። ከዚህ መስኮት ጥቁር ቀሚስ ብቻ ማየት ሰልችቶኛል።» ቀስ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺ እኔን ስታዪ እኔ ዓይኔን የምጨፍን መሰለሽ? የታጠበ ሰሃን ደግመሽ ስታጥቢ አያለሁ። በእጅጌሽ መስኮቱን ጠርገሽ፣ ዓይንሽንም ስትጠርጊ አያለሁ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ፊትሽን ታስተካክዪልኝ ነበራ! ፎቶ ቤት ትሠሪ የለ? የሚታይ መሆኑን ያወቀ ሰው ፊቱ የራሱ አይሆንም።»

እናቴ የአጥሩን ሽቦ ይዛ ቆመች። «እናቴ ብቻዋን ነበረች» አለች። «ማንም አላያትም።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

አያቴ ሩቅ ስለምትኖር አትመጣም ነበር የተባልኩት። እናቴ ቢጫውን ጨርቅ የገዛችው መርዶው ከመምጣቱ በፊት ነበር። ያን ጊዜ እኔ ከእግራቸው ሥር ተቀምጬ የላቬንደር እንጨት እየሰበርኩ አሸት ነበር፤ የሚያወሩት ስለ አበባ ነው ብዬ።

ልብስ ሰፊዋ በደህናው እጃቸው ከእናቴ ትከሻ ላይ የተመዘዘች ክር ለቅመው ጣሉ። ከዚያ ቀሚሱን ከአንገት እስከ ወገብ በሥራ ዓይን አዩት።

«ይኼን ማን ሰፋልሽ? ትከሻው አልገጠመም። ክንዴ ሲፈታ ሌላ እሰፋልሻለሁ።»

«ጥቁር ጨርቅ አመጣልዎታለሁ» አለች እናቴ።

«ምንም እንዳታመጪ» አሉ። «የግቢውን አንቺ መርጠሻል። የቀሚስሽን ቀለም እኔ እመርጣለሁ።»